ለሕያው ልጅ የተነፋ ጥሩንባ

ግንቦት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ ከቀትር በፊት፣ ባለቤቴ ኢሳይያስ ቦንጋ ከተማ ውስጥ በአንዲት መምህርት ግቢ የተበላሸ የውሃ ቆጣሪ ፈትቶ አወጣ፤ አዲሱን ሳይገጥም ቀረ። የቧንቧውን አፍ በላስቲክ አስሮ፣ መፍቻውን እንደያዘ አጥሩ ሥር ቁጭ አለ። መምህርቷ የደከመው መስሏት የሚጠጣ ልታመጣለት ወደ ቤት ገባች። ስትመለስ ሕይወቱ አልፏል። ሐኪሙ ልብ ነው አለን። አርባ ዓመት አልሞላውም ነበር።

በሦስተኛው ቀን መምህርቷ ለቅሶ ልትደርስ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ካለቀሰች በኋላ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ቆጣሪውን የሚገጥምላት ሌላ ሰው ይኖር እንደሆነ ጠየቀችኝ። አልተቀየምኳትም። ውሃ የሌለው ቤት ውሃ የሌለው ቤት ነው። ያስቀየመኝ ሌላ ነገር ነው።

ድንኳኑ ውስጥ ስለ ኢሳይያስ ብዙ ሲወራ ሰነበተ፤ ከሁሉም በላይ የጥሩንባው ነገር። አንዱ፣ ኢሳይያስ ራሱ ነው የነፋው ይላል። ሌላው፣ ነፊው ሰክሮ ነበር ይላል። አንዲት ሴት ደግሞ ልጄ በእርግጥ ሞታ እንደነበርና የሕዝቡን ለቅሶ ሰምታ ነፍስ እንደዘራች፣ እኔ ከፊቷ ተቀምጬ፣ ለጎረቤቷ አስረዳች። ሥራዬ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተማሪዎችን ማኅደር መያዝ ነው። አንድ የተሳሳተ የልደት ቀን ለማረም ሰው ስንት ቢሮ እንደሚመላለስ አያለሁ። ልጄ አልሞተችም ነበር፤ ነፊውም አልሰከረም። ስለዚህ የሆነውን እንደሆነው እጽፋለሁ።

ኢሳይያስ የዋጫ ልጅ ነው። ወጣት ሆኖ ቦንጋ መጣና በከተማው የመጠጥ ውሃ አገልግሎት የቧንቧ ሠራተኛ ሆነ። በአማርኛም በአገሩ ቋንቋ በካፊኖኖም እኩል ይቀልድ ስለነበር የማያውቀው ግቢ አልነበረም፤ ውሾች እንኳ አይጮሁበትም። ስልኩ በእሑድም በበዓልም ይጠራል፤ እሱም "እሺ፣ መጣሁ" ይላል። "እምቢ" የሚል ቃል ከአፉ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። በአንድ ቅዳሜ ለሦስት ሠርግ ሚዜ ለመሆን እሺ ብሎ፣ ከአንዱ ዳስ ወደ ሌላው በባጃጅ ሲሮጥ የዋለ ሰው ነው። ይህን ሰዎች ደግነት ይሉታል። ደግ ነበር፤ ግን አብሮት ለሚኖር ሰው ደግነት ማለት በየቀኑ የሚቀዘቅዝ ምሳም ጭምር ነው።

ልጃችን ፀዲ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ሰባት ወር ሳይሞላት ተወለደች። በሪፈር ወደ ጅማ ተወሰድንና ሙቀት ክፍል ገባች። ኦክስጅን ላይ ሰነበተች፤ ሳንባዋ ቀስ በቀስ በረታ። ተረፈች ብለን መተንፈስ ስንጀምር የዓይን ሐኪሙ ጠራን። ያለጊዜያቸው የሚወለዱ ሕፃናት የዓይናቸው የደም ሥሮች አድገው ያልጨረሱ ናቸው አለን። አንዳንዴ ከተወለዱ በኋላ ሥሮቹ በተሳሳተ መንገድ ያድጉና የዓይኑን የውስጥ ግድግዳ ይጎትቱታል፤ ግድግዳው ከተላቀቀ ብርሃን የለም። በሁለቱም ዓይኗ ላይ በሌዘር ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። ከክፍሉ ስትወጣ የዓይኖቿ ቆብ አብጦ፣ ልቅሶ ያበዛ ትልቅ ሰው መስላ ነበር።

ሐኪሙ ተሳክቷል አላለንም። የሚታወቀው መስከረም 22 ቀን ተመልሳ ስትታይ ነው አለ። ጅማ አልጋ ጠቦ ስለነበር እስከዚያ ቦንጋ ሆስፒታል ተኝታ ክብደት እንድትጨምርና የዓይን ጠብታዋን እንድታገኝ ተወሰነ። ትእዛዙ ግልጽ ነበር። ከእናትና ከአባቷ በቀር ሰው አይጠጋት። ጉንፋን ከያዛት ትንፋሿ መንገዱን አይችልም፤ በቀጠሮው ካልደረሰች ደግሞ የዓይኑ ግድግዳ እየተጎተተ ከሆነ የምንይዝበት ጊዜ ያልፋል። ኢሳይያስ ይህን ሁሉ ራሱን እየነቀነቀ ሰማ። "እሺ" አለ።

ቦንጋ በገባን ማግሥት ጠያቂው ጀመረ።

የሆስፒታሉ ሕግ ወደ ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ከወላጅ በቀር አያስገባም። ግን የበሩ ዘበኛ ቧንቧው የተሠራለት በኢሳይያስ ነው። ጠያቂዎቹም ቧንቧቸው የተሠራላቸው በኢሳይያስ ነው። "በዚያ ዝናብ ውሃዬን የቀጠለልኝ ሰው ልጅ ታማ፣ እኔ ቤቴ ቁጭ ልበል?" ይሉታል፤ ዘበኛው በሩን ይከፍታል። ሙዝ፣ ማር፣ አጥሚት በፔርሙዝ፣ ዳቦ በጨርቅ ይዘው ኮሪደሩን ይሞሉታል። "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ካሉኝ በኋላ ወደ ልጅቷ ይዞራሉ። "እስቲ ዓይኗን ገለጥ አድርጊው።" አንዷ ኩል ይዛ መጥታለች። አንዱ፣ ሌዘር ማለት እሳት አይደለም ወይ፣ ዓይን እንደ እንቁላል አይበስልም ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ መልሴን ሳይጠብቅም አነጠሰ። ጉንፋን ይዞት እንኳ መምጣቱን የፍቅሩ ማስረጃ አድርጎ ነገረኝ።

የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር ሜሪ ቀጭንና ቁጡ ሴት ናት። "ይኼ የጨቅላ ክፍል ነው መናኸሪያ?" ትልና ሁሉንም ታስወጣቸዋለች። እሷ ወደ ሌላ ሕፃን ዞር ስትል በመስኮቱ በኩል ይመለሳሉ።

ኢሳይያስን ለብቻው ወደ ግቢው ወሰድኩት።

"አንድ ሰው እንኳ መልስ" አልኩት። "አንድ ብቻ። ለመለማመድ ያህል።"

"ምን ብዬ?"

"ልጄ ታማለች፣ አትግቡ ብለህ።"

"ስለታመመች አይደል እንዴ የሚመጡት?" አለኝ። የምሩን ነበር።

በዚህ ዓይነት ጥቂት ቀናት ካለፉ በኋላ አንድ ዘዴ ፈጠረ። ሰዎቹ የሚመጡት ወሬዋን ለመስማት ነው፤ ስለዚህ ወሬውን እሱ በየቤታቸው ይዞላቸው ይሄዳል፤ ከሰሙ ወዲያ ምን ያመጣቸዋል? ጠዋት ከሥራ በፊት፣ ማታ ከሥራ በኋላ ቤት ለቤት ይዞር ጀመር። ስለ ፀዲ ክብደት፣ ስለ ጠብታዋ፣ ስለ ቀጠሮዋ ይነግራቸዋል። በየቤቱም ሳይበላ አይለቁትም፤ እሱ ደግሞ አልበላም አይልም። እኔ ሆስፒታል ውስጥ የልጄን ሚዛን በግራም እየጠበቅሁ፣ የባሌ ቀበቶ በአንድ ቀዳዳ ሰፋ። ሲስተር ሜሪ አንድ ጠዋት ከላይ እስከ ታች አየችውና፣ "የልጅቷን ክብደት ለአባቷ ነው እንዴ ያዘዝነው?" አለችው።

ደግነቱ ሸሚዙን ከፍቶ ፀዲን ደረቱ ላይ፣ ገላ ለገላ፣ ሲያስተኛት ጥሩ ፍራሽ ሆነላት። በዚህ ጊዜ ብቻ ስልኩን ያጠፋ ነበር። ጠብታው ሲደርስ ጭንቅላቷን በሁለት ጣቱ ይይዝልኛል፣ እኔ የዓይኗን ቆብ ዝቅ አድርጌ አንጠባጥባለሁ። ቧንቧ የሚያጠብቅበት እጁ በዚያች ሰዓት እንዴት እንደሚለሰልስ ሌላ ሰው ስላላየ እዚህ ላይ እንዲመዘገብ እፈልጋለሁ።

ዘዴው ግን ሳምንት እንኳ አልቆየም። ልብ ብሎ ማሰብ ነበረበት፤ እዚህ አገር ቤቱ ድረስ የተጠየቀ ሰው ብድሩን ሳይመልስ አይተኛም። በጭንቅ ላይ ያለ አባት ራሱ መጥቶ ከጠየቃቸው፣ እነሱ እንዴት ይቀራሉ? ከዚያ በፊት የማይመጡት ሁሉ መምጣት ጀመሩ። ፀዲ እንዴት እንደተኛች በየምድጃቸው አጠገብ ከኢሳይያስ የሰሙ አሮጊቶች፣ "ያልካት እሷ ናት?" እያሉ በመስኮት ይጠቁሙ ነበር። ከሌላ ወረዳ፣ ከቢታ ገነት ሳይቀር፣ ስሙን በወሬ ብቻ የሚያውቁ ሰዎች በሚኒባስ መጡ። የመስቀል በዓልም እየደረሰ ነበር። ሥራ የለ፣ ልብስ አዲስ፣ ጠያቂው ይህን ያህል ከሆነ በበዓሉ ማግሥት ምን ሊሆን ነው?

"ከዚህ በኋላ አንዱም ሰው ቢያነጥስባት" አለችው ሲስተር ሜሪ፣ "ጅማ የምትወስደው ልጅ አይኖርህም። ይኼን ደግሞ በየቤቱ እየዞርክ ንገራቸው።"

ተደናግጦ ወደ ጋሽ ፈለቀ ሄደ። ጋሽ ፈለቀ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ የእድራችን ሰብሳቢ። ነገሩን ሰምተው መፍትሔው ቀላል ነው አሉ። እድር ለሞት ብቻ ነው ያለው ማነው? ለሕያውም ይሠራል። የእድሩ ለፋፊ ዘርትሁን በሰፈሩ ዞሮ፣ የኢሳይያስና የሰብሌ ልጅ ሆስፒታል ተኝታ ስለምትገኝ፣ ሐኪም ሰው እንዳይጠጋት ስላዘዘ፣ ጠያቂ ሁሉ በየቤቱ ሆኖ ይጸልይላት ብሎ ይናገራል። ቃሉን ጋሽ ፈለቀ ራሳቸው አሳመሩት።

ታሪኩ በሰው አፍ የሚበላሽበት ቦታ ይህ ስለሆነ ዘርትሁን ራሱ እንደነገረኝ እጽፈዋለሁ። ዘርትሁን ቀን ቀን የእንጨት ሥራ ቤት ውስጥ የሚሠራ፣ መጠጥ የማይቀምስ ሰው ነው። "ጥሩንባውን ልንፋ ወይስ እንዲሁ ልናገር?" ብሎ ጠይቋል። ጋሽ ፈለቀ፣ "ሳትነፋ ማን ይሰማሃል?" አሉት። ዘርትሁን ወደ ኢሳይያስ ዞሮ፣ "አንተስ?" አለው። ኢሳይያስ ምን እንዳለ መጻፍ አያስፈልገኝም። የእድር ጥሩንባ ሲነፋ የቦንጋ ሰው ምን እንደሚሰማ አንዳቸውም አላሰቡም። ሦስት ትልልቅ ሰዎች።

የመስቀል ማግሥት ቅዳሜ ነበር። ሊነጋጋ ሲል ፀዲን ታቅፌ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ነበር። ጥሩንባው ከሩቅ ተሰማ። ክፍሉ ውስጥ ያለነው እናቶች ሁሉ ልጆቻችንን ወደ ራሳችን ሳብን፤ እንዲያ ያለ ክፍል ውስጥ ለተቀመጠች እናት ያ ድምፅ ደስ አይልም። የሆነ ሽማግሌ ሞቶ ይሆናል አልኩና ከማቀዝቀዣ ያመጣሁትን ጠብታ ልከፍት ስል ጩኸት ሰማሁ። ጩኸቱ እየቀረበ መጣ። ከዚያ "ወይኔ የኢሳይያስ ልጅ" የሚል የሴት ድምፅ በመስኮቱ ገባ።

ልጄ ደረቴ ላይ ነበረች። ትተነፍሳለች። አፏም ይንቀሳቀስ ነበር። እኔ ግን ለአንድ አፍታ ያመንኩት እሷን ሳይሆን ሕዝቡን ነው። ጣቴን አፍንጫዋ ሥር አድርጌ ትንፋሿን ስፈልግ የጠብታው ብልቃጥ ከእጄ ወድቆ ተሰበረ።

የሆነው እንዲህ ነው። ዘርትሁን ጥሩንባውን ነፋ፤ የኢሳይያስን ስም ጠራ፤ ልጅና ሆስፒታል አለ። ከዚያ በኋላ ያለውን ማንም አልሰማም፤ በየግቢው ሴቱ እሪ ብሎ ነበር። "ቆዩ፣ አላለቀም" እያለ ከኋላቸው እንደሮጠ ነግሮኛል። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ግማሹ ወደ ሆስፒታል፣ ግማሹ ወደ ቤታችን ተመመ። ኢሳይያስ ልብሱን ለውጦ ወደ እኛ ሊመጣ ሲወጣ የእድሩ ጎረምሶች ግቢው ውስጥ የድንኳኑን ሁለት ቋሚ ተክለው ሦስተኛውን ይዘው አገኛቸው። "አይዞህ፣ አይዞህ" አሉት። የሞተችበት መሰለው። የሆስፒታሉን ዳገት ያን ቀን እንዴት እንደሮጠው ሳስብ ስለ ልቡ የማስበው ነገር አለ፤ ግን ሐኪም ስላልሆንኩ አልጽፈውም።

ሰውን ሰንጥቆ ገብቶ አየን። አልቀረበንም። ከበሩ ላይ ቆሞ፣ "ትተነፍሳለች?" አለኝ። አዎ አልኩት። ፊቱን ወደ ኮሪደሩ መልሶ በሩን በጀርባው ዘጋው፤ በመስታወቱ ትከሻው ይታየኝ ነበር።

ከሁሉ ፊት የቆሙት እትዬ ትርንጎ ነበሩ። ኢሳይያስ ከዋጫ ሲመጣ ቤታቸው ያስጠጉት፣ እንደ ልጃቸው ያበሉት ሴት ናቸው። ፀጉራቸው ተገልጦ፣ ድምፃቸው ሰልሏል።

"ደህና ናት፣ አልሞተችም" አላቸው።

"በዓይኔ ልያት።"

"እትዬ፣ አይገቡም።"

"እኔን ነው?"

"እርስዎንም።"

"እኔ አንተን ከቤቴ በር መልሼሃለሁ? ዳቦ ይዘህ ነበር እንዴ የመጣኸው?"

"አልመለሱኝም። ዛሬ ግን እኔ እመልስዎታለሁ። ዓይኗ እስኪታይ ማንም አይገባም፤ ይሂዱ።"

ከኋላዬ ሲስተር ሜሪ የተሰበረውን ብልቃጥ እየጠረገች፣ "አፍ አለው ለካ" አለች።

ሰው ሁሉ ሄደ። ከዚያች ቀን በኋላ ማንም አልመጣም፤ በሕይወት ላለ ሕፃን ማልቀስ አሳፍሯቸውም አስፈርቷቸውም ነበር። በሽታ የያዘም፣ ያልያዘም፣ ኩል የያዘም አልመጣም። ፀዲ በሰላም ተኛች፤ ሌላ ብልቃጥ ወጥቶላት ጠብታዋን በሰዓቱ አገኘች፤ ጉንፋን አልያዛትም። እኔ ገና ማመስገን ስጀምር ኢሳይያስ መስኮቱ ጋ ቆሞ፣ "ምነው ሰው ጠፋ? ተቀየሙን ይሆን?" አለኝ። በእጄ የነበረው ፔርሙዝ ባዶ ስለነበር ብወረውርበት አይጎዳውም ነበር። አልወረወርኩም።

እትዬ ትርንጎ ግን ተቀየሙ። ይቅርታ ሊጠይቃቸው ስንት ጊዜ እንደሄደ አልቆጠርኩም፤ በሕይወቱ አንድ ጊዜ ትክክለኛውን ነገር ተናግሮ፣ ስለዚያ ለወራት ሽማግሌ ሲልክ ማየት ይበቃኛል። እስከ ፋሲካ ሰላም አላሉትም። ለቅሶው ላይም ያለቀሱት "በሩ ላይ የመለስከኝ ልጄ" እያሉ ነው።

መስከረም 22 ቀን ረቡዕ ወደ ጅማ ተነሣን። አምቡላንሱ ወላድ ለማምጣት ወጥቶ ስለነበር በሚኒባስ ነበር የሄድነው። ኢሳይያስ ከመሳፈራችን በፊት በሩ ላይ ቆሞ፣ ጉንፋን ያለበት ሰው ካለ ቀጣዩን መኪና ይጠብቅልን አለ። አንድ ሰውዬ እያጉረመረመ ወረደ። የጎጀብን ወንዝ ሳንሻገር ኢሳይያስ የሰውዬውን ስልክ ቁጥር ከረዳቱ ጠይቆ አግኝቶ፣ ደውሎ ይቅርታ እየጠየቀው ነበር።

ሐኪሙ ፀዲን ለረጅም ጊዜ አያት። እሷ ትጮሃለች፤ ኢሳይያስ ጭንቅላቷን በሁለት ጣቱ ይዟል። በመጨረሻ ሐኪሙ መብራቱን ከግንባሩ አወረደና የተበላሹት ሥሮች ከስመዋል አለን። ቀኙ በጣም ጥሩ ነው፤ ግራው ደከም ይላል፣ መነጽር ያስፈልጋት ይሆናል፤ ግድግዳው ግን በቦታው አለ።

ኢሳይያስ፣ "ለሰው ምን ብዬ ልንገር?" ሲል ጠየቀው።

ሐኪሙ አልገባውም። ወደ እኔ አየ።

"ታያለች በላቸው" አልኩት ኢሳይያስን።

ክብደቷ ከሞላ በኋላ ቤት ገባን። በየጊዜው ለክትትል ወደ ጅማ እንመላለስ ነበር። በሚያዝያ መጨረሻ በተደረገላት ምርመራ ለሁለቱም ዓይን መነጽር ታዘዘላት። ለዚያ ዕድሜ የሚሆን ፍሬም ስላልነበረ ከሌላ ቦታ እስኪመጣ ተጠበቀ።

ግንቦት 18 ቀን ሰኞ፣ ከመሞቱ በፊት በነበረው ቀን፣ ደርሷል ተብሎ ተደወለና ኢሳይያስ ፈቃድ ወስዶ ባገኘው መኪና ጅማ ሄደ። ባለሱቁ የጭንቅላት ማሰሪያው ገና ስላልተገጠመ ረቡዕ ተመለስ አለው። አልመለስም፣ ዛሬ ይዤ ነው የምሄደው ብሎ በሩ ላይ ተቀምጦ እስኪገጠም ጠበቀ፤ ይህን የነገረኝ ራሱ ነው፣ እየሳቀ። አመሻሹ ላይ በዝናብ ገባ። ጫማውን ደጅ አወለቀ፤ እጁን በሳሙና ታጠበ። ፀዲን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ መነጽሩን አደረገላት፤ ነቅላ ጣለችው። መልሶ አደረገላት። አሁን አልነቀለችውም። አፏን ከፍታ ፊቱን እያየች ቆየች። ማሰሪያው ስለሰፋት በልኳ አጠበበው፤ ትርፉን ላስቲክ በመቀስ ቆርጦ ጣለና ራት ጠየቀኝ።